የሼዱ ሁለተኛ ኩባያ

ባለፈው ወር ጡረታ ወጣሁ። ክሊራንስ የሚሉትን ወረቀት ይዤ ከክፍል ክፍል ስንከራተት ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ሲቀጥረኝ አንድ ፊርማ የበቃው መሥሪያ ቤት ሲያሰናብተኝ አሥራ አንድ ፊርማ ጠየቀ። እኔ ደግሞ ትዕግሥት ሲታደል የቀረሁ ሰው ነኝ፤ ሰባተኛው ፊርማ ላይ ስደርስ የሰው ኃይል ክፍሉን በር ወርውሬ መዝጋቴን እዚህ ላይ አምናለሁ።

የመጨረሻው ንብረት ክፍል ነበር። ኃላፊው ገረመው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ወረቀቱን ከዓይኑ አርቆ፣ በስሜ የወጣውን ዕቃ ያነብልኝ ጀመር። ጠረጴዛ አንድ። ወንበር አንድ። የሃምሳ ሜትር መለኪያ አንድ። ዝናብ ልብስ አንድ። ከዚያ ቆመና ሳቀ።

«እትዬ ዘነበች፣ ‹ኩባያ፣ ብረት፣ ሁለት› ይላል እኮ! ሻይ ቤት ከፍተው ነበር እንዴ?»

ክው አልኩ። ከጎኔ በነበረው የወረቀት ካርቶን ላይ ተቀመጥኩ። ስንት ዓመት ሙሉ ያንን ነገር ከእኔ በቀር የሚያስታውሰው ሰው የለም ብዬ ነበር፤ ለካስ የንብረት ክፍሉ ሞዴል ቅጽ ላይ ሰፍሮ፣ ማኅተም ተመትቶበት፣ ስሜ ከፊቱ ተጽፎ እየጠበቀኝ ኖሯል።

«ይተዉት፣ ተሰብሯል ብዬ ልሰርዘው» አለኝ ገረመው፣ ፊቴን አይቶ።

«እንዳትሰርዝ!» ብዬ ጮኽኩበት። ለምን እንደጮኽኩ ያኔ አላወቅኩም። ቤቴ ገብቼ ነው ያወቅኩት፤ ይህንን የምጽፈውም ለዚያ ነው።

ሥራ የጀመርኩት ዋጫ ነው፣ በተወለድኩበት በጨና ወረዳ፣ የገጠር ሴቶች ባለሙያ ተብዬ። ደርግ ሲወድቅ ቦንጋ ተዛወርኩ። ከዚያ ወዲህ መንግሥት የተለወጠው አንዴ ቢሆንም የመሥሪያ ቤታችን ስም ግን ስንት ጊዜ እንደተለወጠ መቁጠር ትቻለሁ። ዴስክ ተባልን፣ ጽሕፈት ቤት ተባልን፣ መምሪያ ተባልን። ቢፒአር የሚባል የአሠራር ለውጥ መጣና ግድግዳ አፍርሶ ሁላችንንም አንድ አዳራሽ ውስጥ አስቀመጠን፤ ካይዘን መጣና የጠረጴዛዬን መሳቢያ ቀለም ቀባው። ደመወዙ ስለ ራሱ ይናገር፣ እኔ ጠበቃ አልሆንለትም። ሥራዬ ግን ያው ነበር። ሥራ የሌላቸውን ሰዎች በማኅበር ማደራጀት፣ ቦታ መስጠት፣ መደገፍ። ቦታው ሼድ ይባላል። የብሎኬት ግድግዳና የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው፣ ጀማሪዎች ገብተው አምስት ዓመት የሚሠሩበትና ጠንክረው የሚወጡበት ቤት ነው። ሥልጠና ላይ «ማቀፊያ» ይሉታል፤ ዶሮ እንቁላሏን እንደምታቅፈው መሆኑ ነው።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ደምስ ናቸው። አያታቸው ከሰሜን መጥተው እዚህ የቀሩ፣ እሳቸው ቦንጋ የተወለዱ፣ ካፊኖኖን እንደ እኔው የሚናገሩ፣ ቀድሞ የአናጢነት መምህር የነበሩ ሰው ናቸው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ብዙ የማይናገሩ። ሁለት ልማድ ነበራቸው።

የመጀመሪያው ሸክም ነው። ለአንድ ማኅበር ቦታ ከመሰጠቱ በፊት ጋሽ ደምስ የማኅበሩን ጥሬ ዕቃ ራሳቸው ይሸከሙና ከሚገኝበት ቦታ እስከ ሼዱ ይሄዳሉ። የተሠራውን ዕቃ ደግሞ ከሼዱ እስከ ገበያ። ደብተራቸው ላይ የሚጽፉት ርቀቱን አይደለም፤ መንገድ ላይ ስንት ጊዜ እንዳረፉ ነው። «ስንቴ አረፍሽ?» ይሉኛል፣ ሳንቃ አሸክመውኝ ዳገት ካወጡኝ በኋላ፣ ትንፋሼ ሳይመለስ።

የማንኪራ ንብ አናቢዎች የማር ማጣሪያ ጉዳይ ሲመጣ አለቆቻችን ማጣሪያው ቦንጋ ከተማ ይሁን ብለው ወስነው ነበር። መብራትም ውሃም መኪናም ያለው ቦንጋ ነው ተባለ። ጋሽ ደምስ አልተከራከሩም። እኔን አስከትለው ማንኪራ ወረዱ፤ ያልተጣራ ማር በጀሪካን ሞልተው አንዱን ለእኔ አንዱን ለራሳቸው አደረጉና በዝናብ፣ በዚያ ጭቃ፣ በጫካው መንገድ ተመለስን። እሳቸው ዘጠኝ ጊዜ አረፉ። እኔ ሦስተኛው እረፍት ላይ አለቀስኩ። ቢሮ ገብተው ጀሪካኑን አለቃችን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡና፣ «የተሸከምነው ሰምና የሞተ ንብ ነው። እዚያው ይጣራ፣ ግማሹ ሸክም እዚያው ይቀራል። ከተማ የሚያስፈልገን ማሸጊያውና መሸጫው ብቻ ነው» አሉ። ጨርቅና መጭመቂያ መብራት እንደማይፈልግ ለማወቅ ያን ሁሉ መንገድ መሄድ ነበረብን። እንዳሉት ተደረገ፤ ማኅበሩም ቀና። ለብረታ ብረት ማኅበር ደግሞ ተቃራኒውን ወሰኑ፤ ብየዳው ባለ ሦስት መስመር መብራት ካለበት ካልሆነ ብረቱ ቅርብ መሆኑ ምንም አይረባም ብለው።

ሁለተኛው ልማዳቸው ውሃ ነው። የትም ሼድ ስንገባ፣ ገና ሰላምታው ሳያልቅ፣ «እስቲ ውሃ አጠጡኝ» ይላሉ። ሠራተኞቹ በሚጠጡበት ዕቃ፣ ሰው ጠጥቶ ባስቀመጠው፣ ሳያለቀልቁ ግጥም ያደርጉታል። አናጢም ጋ፣ በያጅም ጋ፣ ቆዳ ፋቂም ጋ። ስኳር ያለባቸው መስሎኝ ተጨነቅኩ። አንድ ቀን፣ «ጋሽ ደምስ፣ ሐኪም ቢያዩ ምናለ?» ብላቸው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁብኝ።

ሚሌኒየሙ ካለፈ በኋላ፣ የቦንጋ ዩኒቨርሲቲ ገና ወሬው እንኳ ሳይሰማ፣ ቦንጋ ውስጥ ከገበያው ዝቅ ብሎ ስድስት ክፍል ያለው ሼድ ሊሠራ ተወሰነ። እንጨት ሥራ፣ ብረታ ብረት፣ ሽመና፣ ልብስ ስፌት፣ ዳቦና ምግብ፣ እና ሸክላ። የሸክላ ማኅበሩ ስድስት ሴቶች ነበሩ። መሪያቸው ወርቄ ትባላለች፣ ያኔ አርባ ዓመት ያልሞላት፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ ስትናገር መሬት መሬት የምታይ፣ ሥራዋን ስትይዝ ግን ቀና የምትል ሴት።

እዚህ ላይ የአካባቢያችንን ጉድ መናገር አለብኝ። በእኛ ዘንድ ሸክላ የሚሠሩ፣ ቆዳ የሚፍቁ፣ ጫካ የሚኖሩ ወገኖች አሉ፣ ከሌላው ሰው ጋር የማይበሉ፣ የማይጋቡ፣ ቤት የማይገቡ። ስማቸውን ሰው ለስድብ ስለሚጠቀምበት እኔ አልጽፈውም። ልጅ ሳለሁ ሸክላ ሠሪ ሴቶች ድስት ይዘው ሲመጡ ከአጥር ውጭ ይቆሙ ነበር። እናቴ ድስቱን ትገዛና፣ ውሃ ከጠየቋት፣ የእንሰት ቅጠል ቀድዳ፣ አጥፋ፣ በእሱ ታጠጣቸዋለች። ጠጥተው ሲጨርሱ ቅጠሉ ይጣላል። እኔ ያንን እንደ ክብር አየው ነበር፤ ለእንግዳ አዲስ ቅጠል! ማታ ደግሞ ያቺው ሴት በእጇ ባበጀችው ድስት የተሠራውን ወጥ ጣታችንን እየላስን እንበላለን። ይህ ነገር እርስ በርሱ እንደማይገጥም ለመገንዘብ ጡረታ መውጣት ነበረብኝ፤ ያስደነግጣል።

ወርቄና ጓደኞቿ የሚሸጡት ገበያው ዳር፣ ከቦዩ ማዶ፣ መሬት ላይ ተቀምጠው ነበር። ማኅበር ስናደራጃቸው ምን ድጋፍ እንደሚፈልጉ የሚጠይቅ ባለ አራት ገጽ ቅጽ ይዤ ሄድኩ። ወርቄ ሁሉንም አዳምጣ ስታበቃ፣ «በር» አለችኝ።

«የምን በር?»

«መንገድ ላይ የሚከፈት በር። ሰው አንኳኩቶ ይግባ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ደጅ ቆሜ ነው የኖርኩት፣ እትዬ። ለልጆቼ በር ካገኘሁ ሌላው ይቅርብኝ።»

ጋሽ ደምስ ጭቃውን ተሸከሙ። ከወንዙ ዳር እስከ ሼዱ አራት ጊዜ አረፉ፤ ከሼዱ እስከ ገበያ ምንም። ከዚያ ወርቄ አጠገብ ሦስት ቀን ተቀምጠው ሥራዋን አዩ። አፈሩ ይወቀጣል፣ ይነፋል፣ የተሰበረ ገል ተፈጭቶ ይገባበታል፣ በእግር ይረገጣል። ከተበጀ በኋላ ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ መድረቅ አለበት፤ ነፋስ ከመታው አንዱ ጎኑ ቀድሞ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ደግሞ እሳት ካልነካው በዓይን አይታይም። ስለዚህ ጋሽ ደምስ የመጀመሪያውን ክፍል፣ መንገድ ዳር ያለውን፣ ሌሎቹ አምስቱ ነፋስ የሚከልሉለትን፣ ለሸክላ ሰጡ። እንጨት ሠሪዎቹ ለምን ለእኛ አልሆነም ብለው አጉረመረሙ። ጋሽ ደምስ፣ «ሳንቃ ነፋስ ይወዳል» ብለው ዘጓቸው።

ሼዱ ሲመረቅ ግቢው መሐል አንድ የውሃ ቧንቧ ተተከለ፤ ከንብረት ክፍል በስሜ ፈርሜ ያወጣሁት ነጭ የብረት ኩባያ በሰንሰለት ታስሮ ምስማር ላይ ተሰቀለ። የመጀመሪያውን ውሃ ጋሽ ደምስ ለወርቄ ቀድተው ሰጧት፤ እሷ ስትጨርስ በዚያው ራሳቸው ጠጡ። ጭብጨባ ነበር። ያጨበጨበው ሰው ግማሽ መሆኑን ያየሁ አይመስለኝም።

በስድስተኛው ወር ጋሽ ደምስ ጡረታ ወጥተው ልጃቸው ወዳለበት ወደ ዋጫ ሄዱ። መኪና ሲሳፈሩ እጄን ይዘው፣ «ሼዱን አደራ። ስትሄጂ ደግሞ ውሃ ጠጪ» አሉኝ። ስለ ጤናዬ ማሰባቸው ነው ብዬ ደስ አለኝ። ቃላቸውን አከበርኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ሼዱ ስሄድ የታሸገ የፕላስቲክ ውሃ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ነው።

ከሁለት ወር በኋላ የእንጨት ሥራው ማኅበር ሰብሳቢ ታደለ ቢሮዬ መጣ። ታደለ ክፉ ሰው አይደለም፤ ትሁት ነው፣ እሑድ እሑድ መዘምራን ውስጥ የሚያገለግል። ባርኔጣውን እያሻሸ ተቀመጠ።

«እትዬ ዘነበች፣ ኩባያዋ ላይ ትንሽ ችግር አለች።»

«ታፈሳለች?»

«አይ፣ ማፍሰስ እንኳ አይደለም።»

«ጠፋች?»

«አልጠፋችም። ብቻ... ልጆቹ ውሃ እየጠማቸው ነው የሚውሉት።»

«ቧንቧው አጠገባቸው አይደለም እንዴ?»

ታደለ ጣሪያውን አየ። «ነው። ዳቦ ጋጋሪዎቹም እንደዚያው ናቸው። እኔ በግሌ ምንም የለብኝም፣ እግዚአብሔር ሁሉንም እኩል ነው የፈጠረው። ግን ሰው ሰው ነው፣ እርስዎ ያውቁታል፣ የአገር ልጅ ነዎት።»

አወቅኩት። ነገሩን አንድም ጊዜ በስሙ ሳይጠራው አወቅኩት፤ እሱም ማወቄን አወቀ። ያን ጊዜ ደሜ መፍላት ነበረበት፤ በር በመዝጋት የሚታወቅ ሰው ነኝ። አልፈላም። ሰላም ፈለግኩ። በሩብ ዓመቱ ሪፖርት ላይ «በማኅበራት መካከል አለመግባባት» የሚል መስመር እንዲኖር አልፈለግኩም። በማግሥቱ ንብረት ክፍል ወርጄ ሌላ ኩባያ ፈርሜ አወጣሁ፤ አረንጓዴ ነበር። ከቧንቧው ሌላ ጎን ምስማር መትቼ ሰቀልኩት። ለማን እንደሆነ ለማንም አልተናገርኩም።

በነጋታው ሄጄ ሳይ ደነገጥኩ። ስድስት ክፍል ሙሉ ሰው፣ አንድም ሰው ሳይነግረው፣ የትኛው የማን እንደሆነ ያውቅ ነበር። ነጩን እንጨት ሠሪዎቹና ዳቦ ጋጋሪዎቹ እየተቀባበሉ ይጠጡበታል። ወርቄ እጇ ጭቃ እንደሆነ ቧንቧው አጠገብ ቆማ አረንጓዴውን ታየዋለች።

«ይቺ ለእኛ ናት?» አለችኝ።

«ለሁላችሁም ነው» አልኩ። ዓይኔን በጨው አጥቤ።

«እሺ» አለች። ጠጣችበት፣ አጥባ ሰቀለችው፣ ወደ ክፍሏ ገባች። ለዓመታት ጆሮዬ ላይ የቀረው ያ «እሺ» ነው፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ እኔን ሳያስደነግጠኝ መሆኑ ዛሬ ያስደነግጠኛል። ዳቦ ጋጋሪዎቹ ደንበኛ ሸቀጣቸው ጋ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው የሸክላውን በር መሆኑ ከባድ ሆነብን አሉ። ምክንያቱን «ጭስ» ብለው ጻፉት። ሸክላ የሚተኮሰው በሳምንት አንድ ቀን፣ ከግቢው ውጭ፣ ነፋሱ ወደ ወንዙ ሲነፍስ ነበር፤ ይህንንም አውቃለሁ። ሆኖም የመንገዱ በር በብሎኬት ተዘግቶ የሸክላው ክፍል ከኋላ በኩል ሌላ በር እንዲወጣለት የሚለው ቃለ ጉባኤ ላይ ፈረምኩ። ወርቄም ፈረመች። ብዕሩን ስትመልስልኝ፣ «በር ነው እንግዲህ፣ በየትም ይሁን» አለችና ፈገግ ለማለት ሞከረች።

የኋላው በር ነፋስ ፊት ለፊት ነበር። ጋሽ ደምስ ሦስት ቀን ተቀምጠው ያጠኑትን እኔ በአንድ ፊርማ ገለበጥኩት። በቀጣዩ የመተኮሻ ቀን ከገባው ሸክላ አብዛኛው እሳቱ ውስጥ እየጮኸ ተሰነጠቀ። በሚቀጥለው ሳምንትም እንዲሁ። ችግሩ የክህሎት ነው ብዬ የአምስት ቀን የጥራት ሥልጠና አዘጋጀሁላቸው፤ ጭቃ በእጁ ነክቶ የማያውቅ አሠልጣኝ መጣ። ሸክላን ከእናቶቻቸው የተማሩ ስድስት ሴቶች እንግሊዝኛ የተቀላቀለበት ገለጻ ፊት ተቀምጠው አምስቱንም ቀን ስም መቆጣጠሪያ ላይ ፈረሙ። እኔም ሪፖርቴ ላይ አሰፈርኩት። ውሃ ተሟልቷል፣ መብራት ተሟልቷል፣ መጸዳጃ ቤት፣ ሥልጠና፣ የገበያ ትስስር፣ ተሟልቷል፣ ተሟልቷል፣ ተሟልቷል።

በዚያ ሰሞን ከበላይ መሥሪያ ቤት እንግዶች መጡ። ግቢውን ዞሩ። አንደኛው፣ ክራቫት ያሰረው፣ ቧንቧው ጋ ቆመና ሁለቱን ኩባያ አይቶ በደስታ እጁን አጨበጨበ። «ተመልከቱ! ሁለት ኩባያ! ንጽሕና አጠባበቅ ማለት ይሄ ነው!» ማስታወሻው ላይ ጻፈው። ታደለ ጫማውን አየ፤ እኔም ጫማዬን አየሁ። ከወር በኋላ ምርጥ ተሞክሮ ተብሎ ደብዳቤ ወጣ። በየሼዱ የውሃ መጠጫ ዕቃ ቁጥር ከሁለት እንዳያንስ የሚል። ደብዳቤውን አንብቤ ፋይል ውስጥ አስገባሁት። ስንቱ ሼድ እንደፈጸመው አላውቅም፤ አልጠየቅኩም።

አንድ የገበያ ቀን ጠዋት ወደ ሼዱ ስወርድ የሸክላው ክፍል ክፍት ነበር። ባዶ። ወለሉ ተጠርጓል፣ ተወልውሏል፤ አንዲት ገል እንኳ አልቀረችም። መሐል ወለሉ ላይ የክፍሉ ቁልፍ ተቀምጧል፤ ቁልፉ ያለው አረንጓዴው ኩባያ ውስጥ ነው።

 ኩባያውን ከነቁልፉ አንስቼ ወደ ገበያው ሮጥኩ ማለት ይቻላል። ወርቄን ያገኘኋት የድሮ ቦታዋ ነው፣ ከቦዩ ማዶ፣ መሬት ላይ፣ ድስቶቿን ደርድራ። ትንፋሼ እየተቆራረጠ ተቆጣኋት፤ መቆጣት ይቀለኛል።

«እንዴት ሳትነግሪኝ ትወጫለሽ? ሁለት ዓመት ተኩል ገና ይቀርሻል እኮ! ውሃው አለ፣ መብራቱ አለ...»

ቀና ብላ አየችኝ። ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን ያየሁት።

«እትዬ ዘነበች፣ እዚህ መሬት ላይ ስቀመጥ ሰው እንደሚርቀኝ አውቃለሁ። አባቶቻቸው ያስተማሯቸው ነው፣ ለምጄዋለሁ። እዚያ ግን ሁላችንም በአንድ ኩባያ ጠጥተን ነበር። ስምንት ወር ጠጥተናል። ወደውም ሆነ ሳይወዱ ጠጥተዋል፣ ማንም አልሞተም። ታደለ እንኳ አንድ ቀን ቀድቶ ሰጥቶኝ ነበር። የለዩን እርስዎ ነዎት።»

«እኔ ሰላም እንዲሆን ብዬ...»

«ሰላም ሆነ አይደል?» አለችና ለቀረበ ገዢ ድስት አንኳኩታ ታሳየው ጀመር።

በቀጣዩ ቅዳሜ ሚኒባስ ተሳፍሬ ዋጫ ሄድኩ። ጋሽ ደምስ ቤታቸው በረንዳ ላይ ተቀምጠው ወንበር ይጠግናሉ። ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው፤ ታደለን፣ በሩን፣ ነፋሱን፣ ወርቄን። ምሥማራቸውን ከአፋቸው አውጥተው እስክጨርስ ጠበቁኝ። ይቆጣሉ ብዬ ነበር፤ ቢቆጡኝ እወድ ነበር።

«አንቺስ በየትኛው ጠጣሽ?» አሉኝ።

አልገባኝም።

«ከነጩ ነው ከአረንጓዴው? ሼዱ ስትሄጂ።»

ቦርሳዬ ጭኔ ላይ ነበር። የፕላስቲኩ ውሃ አንገቱ ከዚፑ ወጥቶ ይታያል። እሳቸውም አዩት፣ እኔም አየሁት።  በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ ከዚያ ቧንቧ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠጣሁም። በነጩም። በነጩ ያልጠጣሁት ደግሞ መጀመሪያ ወርቄ ጠጥታበት ስለነበረ ነው። ይህንን ለራሴ እንኳ ነግሬው አላውቅም ነበር። እናቴ ያጠፈችው የእንሰት ቅጠል እጄ ላይ ነበር፤ ቀለም የተቀባ ብረት አድርጌ ምስማር ላይ የሰቀልኩት እሱን ነው።

«ውሃ ጠጪ ያሉኝ... ስኳር...» አልኩ፣ እንደ ሞኝ።

«ስኳር የለብኝም» አሉ። ከዚያ ወንበሩን ወደ ጎን አስቀመጡት። «መጀመሪያ ቀን ቆዳ ፋቂዎች ጋ የጠጣሁ ዕለት ምን እንዳደረግኩ ልንገርሽ? ጠጥቼ፣ አመስግኜ፣ ከግንቡ ጀርባ ሄጄ ተጉመጠመጥኩ። እኛም ቤት ‹ቡዳ ናቸው› እየተባለ ነው ያደግኩት። በሦስተኛው ቀን መጉመጥመጡን ተውኩት። ሸክም ተሸክመሽ መንገዱን ታውቂያለሽ፣ ዘነበች። ሼዱ ውስጥ ያለውን መንገድ ግን ውሃ ካልጠጣሽ አታውቂውም። ነግሬሽ መሄድ ነበረብኝ፤ የምታውቂ መስሎኝ ነው።»

የተመለስኩት አቀርቅሬ ነው። የመንገዱን በር ለማስከፈት ደብዳቤ ጻፍኩ፤ በጀት የለም ተባለ። እንደገና ጻፍኩ። ክፍሉ ለሌላ ማኅበር ተሰጠ፣ ከዚያ ለሌላ፤ ዛሬ ባጃጅ ይጠገንበታል። ሌሎች ሼዶች ላይ ሠርቼአለሁ፣ የቀኑም አሉ፤ በገባሁበት ሁሉ ሰው በጠጣበት ጠጥቻለሁ፣ አንዳንዴም ተጉመጥምጫለሁ፣ በኋላም ትቼዋለሁ። ወርቄ ጋ ግን አልሄድኩም። በገበያው በኩል ማለፍ ተውኩ። ዓመታት አለፉ፤ አረንጓዴው ኩባያ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር።

ያን ቀን ገረመው ፊት እንዳትሰርዝ ብዬ የጮኽኩት ለዚህ ነው። ተሰብሯል ተብሎ እንዲጻፍ አልፈለግኩም፤ አልተሰበረማ።

ክሊራንሱን ሳልጨርስ ኩባያውን ይዤ በቀጥታ ወደ ገበያ ወረድኩ። ወርቄ እዚያው ናት፣ ከቦዩ ማዶ። ፀጉሯ ሸብቷል፣ ትከሻዋ ያው ነው። ከጎኗ አንድ ጀሪካን ውሃ አለ፣ አፉ ላይ የፕላስቲክ ጣሳ ተደፍቶበታል። ቦዩን ተሻግሬ መሬቱ ላይ ተቀመጥኩ። ገበያተኛው ያየኛል።

«ጡረታ ወጣሁ» አልኳት።

«እንኳን ደስ ያለዎት።»

አረንጓዴውን ኩባያ አውጥቼ መሐላችን አስቀመጥኩት። አየችው። አልነካችውም። ስንት ዓመት ያዘጋጀሁትን ንግግር ተውኩት።

«ወርቄ፣ ውሃ አጠጪኝ።»

ረጅም ጊዜ ፊቴን አየች። የምትፈልገውን እዚያ ያገኘች አልመሰለኝም።

«ጠምቶዎት ነው?» አለችኝ።

መዋሸት እችል ነበር። ሪፖርት ላይ ከዚህ የከበደ ጽፌ አውቃለሁ። ግን ከቤቴ ቁርስ በልቼ፣ ሻይ ጠጥቼ ነው የወጣሁት፤ እሷም ፊቴ ላይ አነበበችው።

«አልጠማኝም» አልኩ።

«እንግዲያው ሲጠማዎት ይምጡ» አለች። በቁጣ አይደለም። ኩባያውን አንስታ ለሚቀጥለው ደንበኛ ቦታ እንዲለቅ ወደ እኔ ገፋ አደረገችው።

ኩባያውን ለገረመው አስረክቤአለሁ፤ የነጩንም ዋጋ ከፍያለሁ። ክሊራንሴ አልቋል። ዛሬ የገበያ ቀን ነው፣ ፀሐዩም ገና በጠዋቱ በርትቷል። ቤቴ ከዳገቱ ላይ ነው፤ እስከ ገበያው ቢያንስ ሁለት ጊዜ አርፋለሁ። ከትናንት ማታ ጀምሮ ውሃ በአፌ አልዞረም፤ ቦርሳዬም ውስጥ ምንም የለም። አሁን እወጣለሁ።